በመጋቢት የተተከለ ጎመን

ዛሬ የማወጋችሁ ስለ ጎመን ነው። ቅር የሚለው ካለ ከአሁኑ ይነሣ፤ አልቀየምም። እኩዮቼ የጣሊያንን ዘመን ሲያወጉ ዱሩን፣ ተኩሱን፣ ምርኮውን ያነሣሉ፤ ሰውም አፉን ከፍቶ ይሰማቸዋል። የእኔ ተራ ሲደርስ «እርስዎስ ያን ጊዜ ምን ይሠሩ ነበር?» ይሉኛል። «ጎመን አጠጣ ነበር» እላለሁ። ይስቃሉ። አልፈርድባቸውም፤ እኔም አንዳንዱ ቦታ ላይ ስደርስ እስቃለሁ። ሌላው ቦታ ላይ ስደርስ ግን ወሬ እለውጣለሁ። ዛሬ ሳልለውጥ እስከ መጨረሻው ልሞክር።

ቤታችን ከቡሬ ዝቅ ብሎ ወደ ፈጣም ወንዝ በሚወርደው ተዳፋት ላይ ነበረች። እኔና ሚስቴ ጥሩዬ ከተጋባን ሁለት ዓመት አልሞላንም። ጣሊያን ቡሬ ላይ ምሽጉን ሠርቶ ተቀምጧል። ያገራችን ሰው እኩሌታው ጫካ ገብቷል፤ እኩሌታው ሞፈሩን ይዞ «እስኪ የሚመጣውን እንይ» እያለ ይጠብቃል። ታላቅ ወንድሜ ጋሸ አድማሱ ጫካ ከገቡት ናቸው። እኔ ከጠባቂዎቹ ነኝ።

በዚያ በጋ አዋጅ ወጣ። ጠመንጃ ያለው ያስረክብ፤ ደብቆ የተገኘ ቤቱ ይቃጠላል፣ እሱም ይሰቀላል ተባለ። ለማስፈራራት ነው የሚል ሰው አልነበረም፤ ቡሬ ገበያ ውለን የተሰቀለ ሰው አይተን ተመልሰናል። ያን ለት የገዛሁትን ጨው መንገድ ላይ ጥዬው እንደ ገባሁ ያወቅሁት በማግሥቱ ነው።

አዋጁ በተነገረ በሳምንቱ ጋሸ አድማሱ ንዳድ ይዟቸው፣ እየተንቀጠቀጡ ከደጄ ደረሱ። ጠመንጃ መሸከም ቀርቶ ራሳቸውን መሸከም አቅቷቸዋል። ጠመንጃው የአባታችን ምንሽር ነው።

«ያዝ» አሉኝ። «ጠበል ልገባ ነው። ካገገምሁ ከፋሲካ በኋላ መጥቼ እወስደዋለሁ። ባዶ እጄን ግን ወደ ጓዶቼ አልመለስም፤ ባዶ እጄን ካገኘኝ ጣሊያን እንደ ዶሮ ነው የሚይዘኝ። አደራ።»

አደራ የምትባለው ቃል በእኛ ቤት እንደ ዋዛ አትነገርም። አባታችን የጎረቤት አደራ በግ ጅብ ቢበላባቸው፣ የራሳቸውን ሁለት በግ ሰጥተው ከዚያም በላይ ይቅርታ የለመኑ ሰው ነበሩ። እንግዲህ ሁለት ነገር ባንድ ጊዜ ጫንቃዬ ላይ ወጣ፤ ጠመንጃው ከተገኘ እኔና ጥሩዬ አለቀልን፣ ጠመንጃው ከተበላሸ ደግሞ ጋሸ አድማሱ አለቀላቸው።

የት ይደበቅ? አገሩ ሁሉ ጠመንጃውን የሚደብቀው የቤት ክዳን ውስጥ፣ ጎተራ ሥር ወይም የንብ ቀፎ ውስጥ ነው። አስካሪ የሚባሉት የጣሊያን ጥቁር ወታደሮችም ይህን ስለሚያውቁ ሲፈትሹ ከክዳን፣ ከጎተራና ከቀፎ ይጀምራሉ። እኔ ደግሞ ብልህ ነኝ። በዕድሜዬ ያጠፋሁትን ጥፋት ሁሉ ያጠፋሁት ብልህ የሆንሁ በመሰለኝ ሰዓት ነው። ጠመንጃውን ሞራና ሰም ቀባሁት፣ በቆዳ ጠቀለልሁት፣ ጓሮ ቆፍሬ ቀበርሁት። አፈሩን መልሼ፣ ረግጬ፣ ላቤን ጠርጌ ወደ ኋላ ፈቀቅ ብዬ ሥራዬን ባየው ክው አልሁ። ረዘም ያለ፣ ጠበብ ያለ፣ ትኩስ አፈሩ ከፍ ብሎ የተቆለለ፣ የለየለት መቃብር ነው። የቀረው ድንጋይ መደርደር ብቻ ነበር።

ጥሩዬ ከቤት ወጥታ አየችው። ብዙ አየችው። «ይህን ያየ ሰው ማንን ቀበራችሁ ሳይለን አያልፍም» አለች።

መላውን ያመጣች እሷ ናት። «ዙሪያውን ጨምረህ ቆፍርና መደብ አድርገው» አለችኝ፤ «ጎመን እተክልበታለሁ። የተቆፈረ መሬት የሚያስጠረጥር ምንም ካልበቀለበት ነው።» ከምንጩ ዳር እናቶች ካፈሉት ችግኝ ለምና አምጥታ በሁለት ቀን ተከለችው። አፈሩ ተሸፈነ። ብልሃቷን አደነቅሁ። ያላሰብነው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ወሩን።

በመጋቢት ጎመን የሚተክል ሰው ጤነኛ አይደለም። መጋቢት በእኛ አገር መሬቱ እግር እስኪያስገባ የሚሰነጠቅበት፣ ከብቱ ውሃ ፍለጋ ፈጣም ድረስ የሚነዳበት፣ ከጠዋት ጀምሮ የሚነሣው ነፋስ ዓይን ሙሉ አቧራ የሚያለብስበት ወር ነው። ሰው ሁሉ ያለፈውን ዓመት ሽሮ እየበላ ሰማይ ሰማይ ያያል። ምንጩ ከታች ነው፤ እሱም ቀጥኖ ሴቶቹ በወረፋ ነው የሚቀዱት። ከዚያ እስከ ጓሮአችን ያለው አቀበት ደግሞ ባዶውን የወጣውን ሰው እንኳ ያስለከልካል። እሷ በእንስራ፣ እኔ በትልቅ ቅል፣ ጠዋትና ማታ መመላለስ ያዝን።

ድካሙን ችዬው ነበር። ያልቻልሁት ሐሳቡን ነው። ጎመኑ ላይ የማፈስሰው ውሃ የት እንደሚወርድ አውቃለሁ።

«አጠጣው እንጂ» ትለኛለች ጥሩዬ።

«ጠመንጃው ይዝጋል።»

«ጎመኑ ይደርቃላ።»

«ቢደርቅ ጎመን ነው የደረቀው።»

«ጎመኑ ከደረቀ አፈሩ ይታያል። አፈሩ ከታየ አንተ ትሰቀላለህ። እኔ የተሰቀለ ባል ምን ላድርገው?»

እናም ውሃውን በቀንድ ዋንጫ እየለካሁ፣ ጎንበስ ብዬ፣ የያንዳንዱን ጎመን ሥር እያራስሁ አጠጣለሁ። መሐሉን ጥቂት፣ ዳር ዳሩን ብዙ። ጠመንጃው ቢጠጣ እንኳ ጥቂት እንዲጠጣ። አጠጥቼ ስጨርስ አንዳንዴ ጆሮዬን መሬት ላይ አስደግፋለሁ። ዝገት ድምፅ እንደሌለው አውቃለሁ፤ ግን ሰው ሲጨንቀው የማያደርገው የለም። አንድ ቀን ጎረቤት በአጥር በኩል አየኝና «ምን ሆነህ ነው?» አለኝ። «ጎመኑን አዳምጣለሁ» አልሁት። ከዚያ ወዲያ እንደ ድሮው አላጫወተኝም።

ጎመኑ ግን ለመለመ። ሞራው ይሁን፣ የድሮ በረት ቦታ ስለነበረ ይሁን፣ የጥሩዬ እጅ ይሁን አላውቅም፤ ቅጠሉ የዝሆን ጆሮ አከለ። ተዳፋቱ ሁሉ ነጭ ሆኖ በደረቀበት ወር የእኔ ጓሮ ብቻ አረንጓዴ ሆኖ ከቡሬ መንገድ ላይ ይታያል። ልንደብቅበት የተከልነው ነገር አላፊ አግዳሚው ቆሞ የሚያየው ሆነና አረፈ።

መጀመሪያ የመጡት ጎረቤታችን እማሆይ ናቸው። እማሆይ እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾሙ፣ የማንንም ቤት ደጅ የማይረግጡ መነኩሲት ነበሩ። «የኔ ልጅ፣ እስኪ ከዚህ ከለምለሙ ለአንድ በሽተኛ» አሉ። ሁዳዴ ላይ መነኩሲት ጎመን ለምነው የለም የሚል ሰው ከወዴት ይገኛል? ሰጠሁ። በማግሥቱም ሌላ በሽተኛ አገኙ። በሦስተኛው ቀን በሽተኛ መጥቀሱን ትተው በቀጥታ ሰፌዳቸውን ዘረጉ። እሳቸውን ያየ መንደር ሁሉ ተከተለ። መጋቢት ላይ ለምለም ጎመን! ሕዝቡ ሽሮ ሰልችቶታል።

ሌላ ሰው መደቡን እንዳይረግጠው ብዬ፣ ለሰው ሁሉ የምቀነጥሰው እኔው ነበርሁ። ወንድ ልጅ ጎመን ሲቀነጥስ በእኛ አገር ታይቶ አያውቅም። «ጎመን ቀንጣሽ» የሚል ስም ወጣልኝ። «ይሄን ያህል ስስታም ነው፣ ሚስቱን ለጎመን እንኳ አያምናትም» ተባለ። ጥሩዬ ምንጭ ወርዳ ሴቶቹ ሲያዝኑላት ሰምታ፣ ቤት መጥታ ነገረችኝ። ስትስቅ አየኋት። ከብዙ ጊዜ በኋላ የሳቀችው ያን ለት ነው፤ ያን ጊዜ ግን ልብ አላልሁትም።

አንድ ሐሙስ ጠዋት በሬን ብከፍት ዐሥራ ሁለት ወንድ መቆፈሪያና ዶማ ተሸክሞ ቆሟል። ፊት ፊት ጭቃ ሹማችን አቶ ደምሌ አሉ። አቶ ደምሌ ሹመታቸውን ጣሊያን ስላጸናላቸው ሰው በጎሪጥ ያያቸዋል እንጂ ክፉ ሰው አልነበሩም።

«ምነው፣ ምን ሆናችሁ?» አልሁ።

«ደቦ ነን» አሉ አቶ ደምሌ። «ጎመንህን ስንበላ ከርመን ሚስትህ እንስራ ተሸክማ ያን አቀበት ስትወጣ ዝም ብለን ማየት ነውር ሆነብን። ተመካከርን። በዚህ ድርቅ ይህ ጎመን እንዲህ የለመለመ ከሥሩ የሆነ ነገር ቢኖር ነው።»

በሩን ያዝሁ።

«ምን ይኖራል ብላችሁ?» አልሁ።

«ውሃ ነዋ» አሉ። «ቅርብ ነው፤ ሁለት ክንድ ብንቆፍር እናገኘዋለን። ጉድጓድ እናወጣልሃለን፤ አንተም መንደሩም ከዚያ ምንጭ ወረፋ ይገላገላል።»

አያችሁ ደግነት? ዐሥራ ሁለት ሰው በጾም ሆዱ ሊያስገድለኝ መጥቷል፤ ያውም በነፃ። ደቦ የመጣን ሰው ደግሞ ሂድ ማለት አይቻልም፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ እሳት የሚያበድርህ አታገኝም። ምክንያት ፍለጋ ገባሁ። «ዛሬ እኮ ገብርኤል ነው፤ በበዓል ቁፋሮ አይሆንም» አልሁ።

ከኋላ እማሆይ ነበሩ። «ገብርኤል ትናንት ነበር፤ አስቀድሼ ነው የመጣሁት» አሉ።

«እንግዲያ የማርያም ዋዜማ ነዋ።»

«በዋዜማ ቁፋሮ አይከለከልም» አሉ እማሆይ። እሳቸው ያልፈቀዱት ነገር የለም በዚያ ጠዋት።

ወገቤን አመመኝ አልሁ፤ አንተ አትቆፍርም ተቀመጥ አሉኝ። የማበላችሁ የለኝም አልሁ፤ ሽሯችንን ይዘን መጥተናል አሉ። ይህን ስንባባል አንዱ ጎልማሳ ጓሮ ዞሮ፣ እጁ ላይ እንትፍ ብሎ፣ ዶማውን ከመደቡ መሐል ላይ አንሥቷል። ሮጥሁ። ጎመኑ ላይ ሁለት እጄን ዘርግቼ ቆምሁና ከየት እንደ መጣ የማላውቀው ቃል ከአፌ ወጣ።

«ተው። ልጄን እዚህ ቀብሬዋለሁ።»

ዶማው አየር ላይ ቀረ።

እዚህ ላይ ነው ወሬ የምለውጠው። በጥር ነው፤ ጥሩዬ የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ፣ እንደ ወጉ እናቷ ቤት ሄዳ ነበር፤ ዛሬ ፍኖተ ሰላም በምንለው በኩል። ወንድ ልጅ ነበር። ሳይተነፍስ ተወለደ። እናቷ በነጠላ ጠቅልለው አወጡት፤ የት እንደ ቀበሩት ለእሷ አልነገሯትም። ክርስትና ያልተነሣ ሕፃን የቤተ ክርስቲያን ግቢ አይገባም፣ ፍትሐት የለውም፣ ለቅሶም አይቀመጡለትም። እኔ መርዶውን እርሻ ላይ ሰማሁ። «እንግዲህ ምን ይደረጋል» አልሁና ወደ በሬዎቼ ተመለስሁ። ጥሩዬ አርባ ቀኗን ጨርሳ ስትመለስ «እንኳን አንቺ ተረፍሽ» አልኋት፤ ሌላ ምንም አላልኋትም። ከዚያ ጠመንጃው መጣና እንስራ አሸከምኋት።

መንደሩ ልጁ መሞቱን ሰምቷል፤ የት እንደ ተቀበረ ግን የጠየቀ የለም። አሁን «ከዓይኔ አይራቅ ብዬ አምጥቼ ቀበርሁት» ስል ሁሉም አመነ። እኔ ያን የምለው ግን ዓይኔ ዶማው ላይ እንደ ተተከለ ነው። ቀና ስል ጥሩዬ ከምንጭ ተመልሳ፣ እንስራዋን እንዳዘለች፣ አጥሩ በር ላይ ቆማለች። ሰምታለች።

ትክደኛለች ብዬ ፈራሁ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ የፈራሁት ጠመንጃውን ነው እንጂ እሷን አላሰብሁም። ቀስ ብላ እንስራውን አወረደች። መጣች። ከመደቡ ጫፍ ተቀመጠችና አለቀሰች። እኔ መጀመሪያ «ብልህ ሴት፣ እንዴት አድርጋ ታስመስላለች» አልሁ። ቆይቶ ግን ማስመሰል እንዳልሆነ ገባኝ። ሰው እንደዚያ አድርጎ አያስመስልም።

እማሆይ አጠገቧ ተቀመጡ። የጎረቤት ሴቶች ድምፅ ሰምተው መጡ፤ እነሱም ተቀመጡ። ወንዶቹ ዶማቸውን አጥር ሥር አጋድመው፣ ጋቢያቸውን አደግድገው መሬት ላይ ሆኑ። ደቦው ለቅሶ ሆነ። አንዷ ሴት «እናትህን ሳታያት፣ አባትህን ሳታውቀው» እያለች ሙሾ አወረደች። አቶ ደምሌ ዓይናቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉ። ለአንድ ጠመንጃ ብዬ ሃያ የሚሆን ሰው አስለቀስሁ።

እንባው ጋብ ሲል አንዱ ሰው ሆዱን ያዘ። ቀጥሎ ሌላው ያዘ። እርስ በርስ ተያዩ። እማሆይ ቀስ ብለው ወደ እኔ ዞሩ።

«ልጄ» አሉ፣ «ይህን ጎመን እኮ በልተነዋል።»

«አዎ እማሆይ።»

«እኔ ስንት ቀን በላሁ?»

«እርስዎማ ዕለት ዕለት ነው።»

አማተቡ። አንዱ ጎልማሳ ተነሥቶ ከአጥሩ ጀርባ ሄደ፤ የሆነውን ሁላችንም ሰማነው። ያን ለት ማታውኑ መንደሩ ግልብጥ ብሎ ቄሱ ዘንድ ሄደ። ቄሱም ራሳቸው በልተው ስለነበር ቅጣቱን አከበዱት፤ ለእያንዳንዱ በቀን አርባ ስግደት፣ ለሰባት ቀን። የመንደሩ ሽማግሌ ሁሉ ጉልበቱን ይዞ እያቃሰተ በእኔ ውሸት ሰገደ። እኔም ሰገድሁ። አርባዬን ስጨርስ ለውሸቴ ብዬ ሌላ አርባ ጨመርሁ። እውነቱን ለቄሱ ብናገር እሳቸውንም ገመድ ውስጥ ማስገባት ነው፤ ዋጥሁት።

ከዚያ ወዲያ ጎመኑን የሚበላ ጠፋ። ውሃ የምታጠጣው ግን ጥሩዬ ሆነች። እኔ ከመነሣቴ በፊት ትነሣለች፣ እንስራውን ሙሉ ታፈስስበታለች፣ አረሙን በእጇ ትነቅላለች። «ጠመንጃው ይዝጋል» ልላት አንድ ጠዋት አፌን ከፍቼ ነበር። ፊቷን አየሁና ዘጋሁት።

ይህ ሁሉ ሆኖ ስግደታችን ገና አልተጠናቀቀም፤ የለቅሶው ወሬ ቡሬ ምሽግ ደረሰ። ጣሊያን የተሰበሰበ ሰው አይወድም። ሽፍታ ብሎ የሚፈልገው ሰው ወንድም ቤት ሃያ ሰው ተሰብስቦ አለቀሰ ሲባል፣ ጋሸ አድማሱ የሞቱ መስሎት ይሁን የተደበቁ፣ አንድ መኮንን ከአስተርጓሚና ከአስካሪዎቹ ጋር መጣ። አቶ ደምሌን ከፊት አስቀድሟቸዋል።

ክዳኑን በሳንጃ ወጉት። ጎተራውን ገለበጡት። ቀፎውን ሲከፍቱ አንዱን አስካሪ ንብ ዓይኑ ሥር ነደፈችው፤ በሌላ ቀን ቢሆን ደስ ይለኝ ነበር። ከዚያ ጓሮ ዞሩ። መኮንኑ ጎመኑን ሲያይ ፊቱ በራ። መቼም ምሽግ ውስጥ የቆርቆሮ ምግብ ሲበላ ከርሟል። አንድ ቅጠል ቀነጠሰና እዚያው እንደ ቆመ አኘከው። አስተርጓሚውን አንድ ነገር አለው።

«ጎመኑ መልካም ነው፤ ለምሽጉ ይሄዳል ይላል» አለ አስተርጓሚው። «ማን ነው የሞተው? ለማን ነው ያለቀሳችሁት?»

የመለሱት አቶ ደምሌ ናቸው።

«ጌታዬ፣ ከዚህ ጎመን ሥር ያለ ሕፃን ነው» አሉ። «እኔ ራሴ ለቅሶ ተቀምጫለሁ። ጎመኑን በመብላቴም ስግደቴ ገና ሁለት ቀን ይቀረኛል።»

አስተርጓሚው ተረጎመ። መኮንኑ ማኘኩን አቆመ። ከዚያ ፊቱን አዙሮ ተፋ፣ ደግሞ ተፋ፣ አፉን በመሐረብ ጠረገ። አቶ ደምሌ ቢዋሹ ኖሮ ከዓይናቸው ያውቅ ነበር፤ እሳቸው ግን አልዋሹም፣ አምነው ነው የተናገሩት። ንብ የነደፈችው አስካሪ ግን ተናድዷል። «መቃብር ውስጥም ይደብቃሉ» አለና ሳንጃውን መዘዘ። ከመደቡ ዳር ወጋ። አፈሩ በውሃ ብዛት ለስልሷል፤ ሳንጃው እስከ እጀታው ገባ። ነቅሎ ወደ መሐል ተጠጋና ደግሞ አነሣ።

ጥሩዬ ተንበረከከች። መዳፏን ሳንጃው የሚያርፍበት ቦታ ላይ፣ ከጎመኑ ሥር፣ ዘርግታ አስቀመጠች። አስካሪውን ቀና ብላ አላየችውም፤ የምታየው መሬቱን ነው። እኔ ባሏ ቆሜ አያለሁ፣ አቶ ደምሌ ቆመው ያያሉ፣ እማሆይ ከአጥሩ ወዲያ ይጸልያሉ። ያን ጊዜ ጠመንጃውን ረሳሁት። እንዲያው ስለ ሰው ፊት አልልም፣ በእግዜር ስም፣ ረሳሁት።

መኮንኑ ባርኔጣውን አወለቀ። አንድ ቃል ተናገረ፤ አስካሪው ሳንጃውን ከተተ። ሄዱ። ጎመኑንም አልወሰዱም።

ጋሸ አድማሱ የዳግም ትንሣኤ ለት ገና ጎሕ ሲቀድ መጡ። ከስተዋል፤ ዓይናቸው ግን ጤነኛ ዓይን ሆኗል። ወጣ ብለን ጓሮ ገባን። ጥሩዬ «ቆዩ» አለችንና ጎመኑን አንድ ባንድ ከነሥሩ፣ ከነአፈሩ ነቅላ ጥላ ሥር ደረደረችው። ቆፈርን። ቆዳው በስብሶ እንደ ረጠበ ወረቀት በእጃችን ቀረ። የጠመንጃው እንጨት አብጧል፤ መቀርቀሪያው ዝጎ አልከፈት አለ።

«ምን ስታደርገው ነበር?» አሉኝ ጋሸ አድማሱ።

«ሳጠጣው» አልሁ።

ሞራ አመጣሁላቸው። ጉልበታቸው ላይ አስተኝተው፣ በጨርቅና በአሸዋ እያሹ፣ ሞራ እያስጠጡ ብዙ ሠሩ። ፀሐይ ወጣች። መጨረሻ ላይ በመዳፋቸው አንድ ጊዜ ሲመቱት መቀርቀሪያው ተከፈተ። እግራቸው ሥር ተደፍቼ ላለቅስ ምንም አልቀረኝም። በደስታ አፌ ተከፈተና ታሪኩን ሁሉ ዘከዘክሁላቸው፤ ዋንጫውን፣ ጆሮዬን መሬት ላይ ማስደገፌን፣ የእማሆይን ሰፌድ፣ ደቦውን፣ «ልጄን ቀብሬዋለሁ» ማለቴን፣ ስግደቱን፣ የመኮንኑን መትፋት። ይስቃሉ ብዬ ነበር። ራሴው ሳቅሁ።

ጋሸ አድማሱ አልሳቁም። እኔን ትተው ጥሩዬን አዩ። እሷ ከጉድጓዱ አፋፍ ቆማ ባዶውን ታያለች።

«ማን ልትይው ነበር?» አሏት።

ከጥር ጀምሮ ይህን የጠየቃት ሰው የለም። እናቷ አልጠየቋት። ሃያ ሰው አልቅሶ አልጠየቃት። እኔ ባሏ አልጠየቅኋት።

«ጥላሁን» አለች።

ጋሸ አድማሱ ጠመንጃውን መሬት ላይ አስቀመጡ። ተንበረከኩና አፈሩን በሁለት እጃቸው ወደ ጉድጓዱ መመለስ ጀመሩ። እኔ ዶማ ላነሣ ስል «በእጅህ» አሉኝ። በእጃችን ሞላነው። ሲሞላ ተነሥተው፣ ራሳቸው ላይ የጠመጠሙትን ፈቱና «ጥላሁን፣ ነፍስ ይማር» አሉ። ጥሩዬ ጎመኑን አንድ ባንድ መልሳ ተከለችው። ከዚያ እሳቸው ጠመንጃቸውን በጋቢያቸው ሥር ይዘው ወደ ፈጣም ወረዱ።

እኔ ልጄን የቀበርሁት ያን ለት ነው።